የዓለም ባንኩ ቦታና የጅዳዋ እህት ገንዘብ

(በሬድዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

  



በቅርቡ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሰዉ ተበትኖ እኔም ልወጣ ስል፣ ባልና ሚስት በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። ባልየው መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ወንድማችን ነው። «ሸይኻችን፣ ዓለም ባንክ አካባቢ አንድ ቦታ በርካሽ ተገኝቶልናል። ልንኖርበት አይደለም፤ እስኪወደድ ልናቆየው ነው። እንግዛው ወይ?» አለኝ።

ይህ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለምና ከዐስር በኋላ እንዲመጡ ነገርኳቸው። ሲመጡ ሚስትየዋ አንድ ነገር ጨመረች። ባልየው ይህን ሊነግረኝ ያሰበ አይመስለኝም። «ከገንዘቡ ግማሹ የእህቴ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች» አለች። ወረቀቱ በማን ስም እንደሚሆን ጠየቅኩ። «ለጊዜው በእኔ ስም ነው፤ ለአሠራር እንዲመች ብለን» አለ ባልየው። ሚስትየዋ መሬት መሬት አየች።

ለእነሱ ያልኳቸውን ዛሬ ለእናንተም ልናገር። ይህ ጥያቄ ያለበት ቤት የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው።

ዓለም ባንክ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአየር ጤና አለፍ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ብድር መሬት እየተሸነሸነ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ለቤት መሥሪያ ከተሰጠበት ሥራ ነው። (ሰፈሩ ስሙን ከአበዳሪ ባንክ መውሰዱ፣ ስለ ወለድ ስንናገር ለምንውል ለእኛ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።) ቀድሞ ከከተማ ዳር የሚቆጠር ነበር። ክረምት ሲመጣ ጭቃው ሰው ያስቀር ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ገብቷል፣ ፎቁ በዝቷል፣ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ተከፍቷል፤ መድረሳችንም ሞልቶ በፈረቃ የሚማሩ ልጆች አሉን። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ምዕራብ መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን በእኛ በኩል መጨረሻው ጦር ኃይሎች ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው የታክሲ ሰልፍ ነው። ሰፈሩ እያደገ ነው ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፣ እያደገ ነው እላለሁ። ቤት መግዛትም፣ ገዝቶ ማከራየትም፣ ገዝቶ አትርፎ መሸጥም በመሠረቱ ሐላል ንግድ ነው። በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

እኔ የምፈራው «በርካሽ» የሚለውን ቃል ነው። በዚህ ሁሉ ውድነት መካከል አንድ ቦታ ከጎረቤቱ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ፣ ከመደሰታችሁ በፊት ለምን ረከሰ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እስካየሁት ድረስ የሚረክሰው በአብዛኛው የአንድ ሰው ሐቅ ሳይፈታ ውስጡ ተቀብሮ ስለቀረ ነው። የዚያ ሰው ማንነት ይለያያል። ገበሬው ሊሆን ይችላል፣ ያልተካፈለች የሟች ልጅ ልትሆን ትችላለች፣ ቀድሞ የገዛ ሰው ሊሆን ይችላል፣ መንግሥትም ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ምን እንደምትገዙ እወቁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። በከተማ ለመኖሪያ የሚሰጥ ሊዝ እስከ 99 ዓመት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፤ በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው ትርፉን እንዳሻው አይወስድም። የከፈለው ሊዝና የሠራው ሥራ ዋጋ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ከሚገኘው ሽያጭ የሚደርሰው 5 በመቶ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ይዞ «እስኪወደድ» መቀመጥ የሚባለው ነገር በሕጉ በኩል በሩ ጠባብ ነው። በጓሮ በር ገብቶ ያተረፈ ካለ፣ ያተረፈው በሐሰት ውል ነው። ሐሰት ደግሞ ፊርማ ሲጨመርበት አይጠራም።

ሸሪዓችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው የሌለው በረሃ መሬት ያለማ ባለቤት እንደሚሆን የፊቅህ መጻሕፍት ሁሉ ያስተምራሉ። አጥሮ ብቻ የተቀመጠ ሰው ግን በአጥሩ ብቻ ባለቤት አይሆንም፤ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) አጥሮ ሳያለማ ሦስት ዓመት ላሳለፈ ሰው መብት የለውም ማለታቸው ይነገራል። በኮልፌ ስንዞር አሥር ዓመት በቆርቆሮ ታጥሮ ሳር የበቀለበት ቦታ ሳይ፣ አጠገቡ ደግሞ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነው የሚያድሩ ቤተሰቦች ሳይ፣ ይህ ነገር ይታወሰኛል።

ወደ ገበሬው ልመለስ። ከዓለም ባንክ አልፎ እስከ ከተማው ዳር ያለው አገር ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት ነው። አንዳንዱ ገበሬ በካሳ ተነሳ፤ አንዳንዱ ደግሞ ነገ በትንሽ ካሳ ከምነሳ ዛሬ ለራሴ ልሽጥ ብሎ በየመንደሩ ውል ቆርሶ ሸጠ። «የጨረቃ ቤት» የምንለው የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ በሌሊት ተሠርቶ የሚያድር። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ምክንያት በኦሮሚያ የተነሳውን ተቃውሞ፣ የጠፋውንም ነፍስ ሁላችን እናስታውሳለን። እቅዱ በጥር 2008 ቀርቷል። የገበሬው ልጅ ቅሬታ ግን አብሮ አልቀረም። አንድ ስንዝር መሬት ያለ ሐቁ የወሰደ ሰው በትንሣኤ ቀን ከሰባት ምድር ጋር አንገቱ ላይ እንደሚጠመጠምበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስጠንቀቃቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። «እኔ ከደላላ ነው የገዛሁት» የሚለው ምክንያት፣ እያወቀ ለገዛ ሰው ብዙ የሚያድነው አይመስለኝም።

ሌላው የወሰን ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በነሐሴ 2014 በስምምነት ተካልሏል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያችን ያሉት ከተሞች ተጠቃለው የሸገር ከተማ ተመሠረተ። ከካራ ቆሬ ወደ ወለቴ ስትሻገሩ ታክሲው አንድ ነው፣ አስተዳደሩ ግን ሌላ ነው። ደላላው ሁሉንም «ዓለም ባንክ አካባቢ» ይለዋል። በዚያው በ2015 በሸገር ብዙ ቤቶች፣ መስጊዶቻችን ሳይቀሩ ፈረሱ፤ በታላቁ አንዋር መስጊድ በተነሳው ተቃውሞም ሕይወት ጠፋ። በዚያ ጉዳይ የሚባለው ብዙ ነው፣ የዛሬ ርዕሴ አይደለም። ቤት ለመግዛት ለተነሳ ሰው ግን የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ለሰላት የቆመን ግንብ ያላዳነ የመንደር ውል፣ የእናንተን ሰርቪስ ቤት አያድንም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ደስ ብሎኝ የማወራው አይደለም።

ገና ወጣት ኡስታዝ ሳለሁ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ጎረቤታችን ለወንድሙ ቦታ ሊገዛለት ነውና ምስክር ሁንልኝ አለኝ። ወንድሙ ጅዳ ስምንት ዓመት በሹፍርና የሠራ ሰው ነበር። ሻጩን አላውቀውም፤ ቦታውንም ሄጄ አላየሁም። ሦስት ምስክር ያስፈልጋል ተባለ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ፈረሙ፤ «ኡስታዝ ከፈረመ ይበረክታል» ተባለና እኔም ፈረምኩ። ሻይ ጠጣን፣ ዱዓ አደረግን። ዓመት ሳይሞላ ያንን ቦታ ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንደ ገዙት ታወቀ። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ምስክር ነበራቸው። ከዚያ አፍራሽ ግብረ ኃይል መጣና ክርክሩን ጨረሰው። ያ ሹፌር ከጅዳ ሲመለስ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። አልተቆጣኝም። «ኡስታዝ፣ ቦታውን አይተኸው ነበር?» ብቻ ነው ያለኝ። አላየሁትም አልኩት። ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። አሁን ሰው ቤት ጥበቃ ይሠራል፤ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጠኛል።

ቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ስለ ዕዳ ጽሑፍና ስለ ምስክር መሆኗን ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ምስክርነት ያዩትን መናገር እንደሆነም አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦታውን በእግሬ ሳልረግጥ፣ ወረቀቱን ሳላነብ፣ በማንም ውል ላይ አልፈርምም። ለጋብቻ እንኳ ካልሆነ በቀር እስኪርቢቶ ይዤ አልሄድም እያሉ ያሙኛል።

እንግዲህ ምን እንመልከት? ካርታ ማለት ሻጩ በኪሱ ያለው ፎቶ ኮፒ አይደለም። ካርታው በመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ካለው መዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ እግድ አለበት ወይ፣ ለባንክ ዋስትና ተይዟል ወይ፣ በመንገድ ወይም በልማት ፕላን ላይ ወድቋል ወይ የሚለው ሁሉ እዚያ ይታወቃል። ካርታ ለሌለው ነባር ቤት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. በአየር የተነሳው ፎቶ ላይ ይታያል ወይ የሚለው ጥያቄ የስንቱን ዕጣ ሲወስን ኖሯል። «ሰነድ አልባ ነው፤ ግን ሊስተካከል ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ፣ ሲስተካከል ጥራኝ በሉት። ሽያጩ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለሐኪም ኢብኑ ሒዛም በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ ነግረውታል፤ ገዥም በሻጩ እጅ የሌለውን ባይገዛ ደግ ነው።

ሻጩ የወረሰ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹን ቁጠሩ። አባት ሲሞት ታላቅ ወንድም ቤቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ወለጋ ወይም ስልጤ የተዳረች እህት ድርሻዋን ሳታገኝ ዓመታት ያልፋሉ። እሷ ዝም ያለችው ስለተወችው አይደለም፣ ወንድሟን ስላፈረች ነው። የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስሟ ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ ጠይቁ።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሰው ብሩን ይዞ መቀመጥ ፈራ፤ መሬት ሸሸገው። ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን «ቦታዬ እጥፍ ሆነ» ከማለታችሁ በፊት ቦታው ተወዶ ነው ወይስ ብሩ ቀልሎ ነው ብላችሁ አስቡ። ኮሌጅ ሒሳብ ተምሬያለሁና አንድ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ምሳሌ ብቻ ነው። ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር ቢገዛና በወር 25 ሺህ ቢከራይ፣ በዓመት 300 ሺህ ነው፤ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። የኪራይ ግብርና እድሳት ከዚያ ላይ ይነሳል። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ኪራይም እንደ ድሮው በየስድስት ወሩ አይጨመርም። ለተከራይ ወንድሞቻችን እፎይታ ነው፤ በኪራይ በአንድ ጊዜ እከብራለሁ ላለ ሰው ግን ስሌቱን ይቀይርበታል።

የሚቀጥለው ወለድ ነው። ሰው ከባንክ በወለድ አልበደርም ብሎ ይጠነቀቅና፣ ሊዝ ላይ ሲደርስ ይዘናጋል። የሊዝ ቀሪ ክፍያ በየዓመቱ ሲከፈል ወለድ ይታሰብበታል። ዕዳ ያለበትን ሊዝ የተረከበ ሰው ያንን ወለድ አብሮ ይረከባል። የኮንዶሚኒየም ቀሪ ዕዳም እንደዚሁ ነው። አቅም ያለው በአንድ ጊዜ ከፍሎ ይገላገል፤ ከሻጩም ጋር ዕዳው ተጣርቶ እንዲሸጥለት ይስማማ። የሌለው ደግሞ ዛሬ እንደ ድሮው በር የተዘጋበት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ከወለድ ነፃ የባንክ መስኮት ፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራም ተከተለ። በሙራበሓ ባንኩ ቤቱን መጀመሪያ ለራሱ ይገዛል፤ ከዚያ ትርፉን ነግሮ በየወሩ በሚከፈል ለእናንተ ይሸጣል። ስትፈርሙ አንድ ነገር አጣሩ፤ ባንኩ ቤቱ በእጁ ሳይገባ እናንተን አስፈርሞ ገንዘቡን በቀጥታ ለሻጩ ከሰጠ፣ ስሙ ሙራበሓ ቢሆንም ያ ብድር ነው።

ያልተሠራ ፎቅ ከሪል ስቴት ስለመግዛት ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1992 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ይህን ዓይነቱን የአሠራሩልኝ ውል (ኢስቲስናዕ) ፈቅዷል፤ ቅድመ ሁኔታው ዓይነቱ፣ መጠኑና የሚረከቡበት ጊዜ በግልጽ መጻፉ ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከፍለው ቤት ሳያገኙ ዓመታት ሲንከራተቱ አይተናልና፣ ፎቁን በወረቀት ሳይሆን በቆመበት እዩት።

ዘካውስ? ይህም ከሐሳባችሁ ጋር ይሄዳል። ለመኖሪያ የተገዛ ቤት ዘካ የለበትም። ለኪራይ የተገዛ ከሆነ፣ በብዙኃኑ ኡለማዎች አስተያየት ዘካው በቤቱ ዋጋ ላይ አይደለም፤ ከኪራዩ ተርፎ ኒሳብ ሞልቶ ዓመት በቆየው ገንዘብ ላይ ነው። እሸጠዋለሁ ብሎ የገዛው ግን የንግድ ዕቃ ነው። መደብር ውስጥ እንዳለ ጨርቅ በየዓመቱ በወቅቱ ዋጋ ተገምቶ 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ቦታው ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር ካወጣ፣ ዘካው 100 ሺህ ነው። በኢማም ማሊክ መዝሀብ ገበያ እየጠበቀ ለተቀመጠ ነጋዴ ሲሸጥ የአንድ ዓመት ዘካ ይበቃዋል የሚል አለ። ይህን ስነግረው ባልየው እስከዚያ ካልኩት ሁሉ የበለጠ ደነገጠ። «በየዓመቱ? ሳልሸጠው?» አለኝ። መርካቶ ላለው ጨርቁ በየዓመቱ ያወጣል፤ ቦታ ግን ዕቃ አልመሰለውም።

ሰፈሩን ስለመመልከት ሁለት ቃል ልጨምር። ቅዳሜ በፀሐይ ሄዳችሁ አትግዙ። ሰኞ ጠዋት በታክሲ ሰዓት ሂዱ፤ ሐምሌ ላይ ሂዱ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤት ያሉትን እናት ጠይቁ፤ ስንት በርሜል ደጃፋቸው ላይ እንዳለም ቁጠሩ። ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ከላይ ምን እንዳለ እዩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 እዚሁ ክፍለ ከተማችን ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። እዚያ ይኖሩ የነበሩትም የመጡት ቦታው ስለረከሰላቸው ነበር።

አሁን ወደ ጅዳዋ እህት ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ የእሷ ነገር ነበርና። ባልየውን ክፉ ሰው ነው አልልም። ሚስቱንና የሚስቱን እህት የሚያከብር ሰው ነው። ነገር ግን በቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቦታው በስሙ ሆነ እንበል። አላህ ያቆየውና ነገ ቢሞት፣ ወራሾቹ እናቱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። የጅዳዋ እህት በእጇ ያለው የሐዋላ ደረሰኝና የስልክ ድምፅ ብቻ ነው። ማንም ሳይበድላት ሐቋ ይጠፋል። ሚስትየዋም ከእህቷና ከልጆቿ መካከል እንድትመርጥ ትገደዳለች።

ስለዚህ ወይ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ስም ይውጣ፣ ወይ የሽርክና ውል ተጽፎ ድርሻዋ በቁጥር ይቀመጥ አልኳቸው። እሷም በቆንስላ በኩል ውክልና ትላክ። ውክልናው ለመግዛት ይሁን እንጂ ለመሸጥ አይሁን። በፊቅህ ሸሪክ ድርሻውን ሲሸጥ ሌላው ሸሪክ ቀድሞ የመግዛት መብት (ሹፍዓ) እንዳለውም ጻፉበት። ባልየው ትንሽ ተከፋ። «ሸይኻችን፣ በቤተሰብ መካከል እንደዚህ ያለ ወረቀት አለመተማመን አይሆንም ወይ?» አለኝ። እኔም የዚያን ሹፌር ታሪክ ነገርኩት።

ያለፈው ሐሙስ ብቻውን መጣ። ቦታውን አስጣርተውት ኖሮ እግድ ተገኝቶበታል፤ ትተውታል። ይልቁንም የገረመው ሌላ ነገር ነበር። ውሉን ለመጻፍ ለእህትየው ደውለው፣ ስልኩን ከፍ አድርገው፣ ድርሻዋን ሊነግሯት ሲጀምሩ አቋረጠቻቸውና ቅርብ መስጊድ አለ ወይ፣ ውኃስ ይመጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ለሚሸጥ ቦታ ይህ ምን ያደርግልሻል ሲሏት ግራ ገባት። እሷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገንዘቡን ስትልክ የነበረው፣ ስትመለስ የምትገባበት ቤት እየተገዛላት መስሏት ነው። ስለ መሸጥ የነገራት ሰው አልነበረም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

አሁን ባዶ ቦታ መፈለጉን ትተው፣ ካርታ ያለው አንድ ትንሽ ቤት እያፈላለጉ ነው። ገንዘቡ ዓለም ባንክ ላይ ላይበቃ ይችላል። ቦታውን ሲያገኙ አብሬያቸው ሄጄ እንዳይ ጠይቀውኛል፤ እሄዳለሁ ኢንሻአላህ።